«አንጃይና» የደረት ውጋት አይደለም፦ በስፋት ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋና በሐረር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ሐኪሞች ካርድ ላይ ስለሚጽፉት «አንጃይና» ስለሚባለው ቃል ነው፤ የልብ ጡንቻ ደም ሲያንሰው ደረትን የሚያንቀው ስሜት ማለት ነው። ብዙ ሰው ያነበበው አያስገርምም፤ አማርኛው ቀላል ነው፣ አጭር ነው፣ መጨረሻው ላይም «ለምትወዱት ሰው ላኩ» ይላል። ሰዉም የላከው ለእናቱና ለአባቱ ነው። ምላሽ መስጠት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ከያዛቸው ስድስት ነጥቦች ሦስቱ፣ ደቂቃ በሚቆጠርበት ሰዓት ሰው ቤቱ ጋደም ብሎ እንዲጠብቅ የሚያደርጉ ናቸው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ «አንጃይና» ድሮ የጉሮሮ በሽታ ስም ስለነበር ለደረት የተሰጠው በስህተት ነው። ሁለተኛ፣ ስለዚህ ባዕዱን ቃል ትተን «የደረት ውጋት» ብንለው ይበቃል። ሦስተኛ፣ አንጃይናና ሃርት አታክ የአንድ በሽታ ሁለት ስሞች ናቸው። አራተኛ፣ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነስቶ ደህና ከሆነ አንጃይና የለም፤ ጨጓራ ወይም ብርድ ነው። አምስተኛ፣ ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ክኒን ካሻለው ሕመሙ የልብ ነው፣ ካላሻለው አይደለም፤ ስለዚህ ክኒኑ ከኪስ አይጥፋ። ስድስተኛ፣ ጫት ላይ ደረት ጨምደድ ቢያደርግ ምርቃና ነው፤ ቀዝቃዛ ወተት ጠጥቶ መተኛት ይበቃል።

ጸሐፊው የተነሳበት ቅሬታ ግን እውነት ነው። ሰው «አንጃይና ነው ያለብህ» ተብሎ፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። ደረቱን ከሚያመው ሰው አብዛኛው የልብ በሽተኛ እንዳልሆነም በትክክል ጽፏል። በእነዚህ ሁለቱ አንጣላም።

ከቃሉ ታሪክ እንጀምር፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሟል። ቃሉ ላቲን ነው፤ ሥሩ ማነቅ፣ አጥብቆ መያዝ ማለት ነው። የጥንት ሐኪሞች ጉሮሮ አብጦ ትንፋሽ ሲያሳጣ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። እስከ ዛሬም ከምላስ በታች ያለው ሥጋ በኢንፌክሽን አብጦ አየር ሲዘጋ «ሉድቪግስ አንጃይና» ይባላል፤ ከልብ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። በሩሲያኛ «አንጊና» ማለት የቶንሲል ሕመም ነው፤ የደረቱን «ስቴኖካርዲያ» ይሉታል። በፈረንሳይኛም «አንዢን» ብቻውን ሲጻፍ የጉሮሮ ሕመም ነው።

ይህ የመጨረሻው ለድሬዳዋ ሰው የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተማዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች፣ ጣቢያዋን እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛው ቃል «ለገሃር» የምትል ናት። ጅቡቲ ሠርቶ ወይም ታክሞ የሚመለሰው ሰው የሚይዘው የሐኪም ወረቀት በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። ወረቀቱ ላይ «አንዢን» ብቻ ካለ ሰውየው የታከመው ለጉሮሮው ነው፤ «አንዢን ደ ፕዋትሪን» ወይም «አንጎር» ካለ ግን ለደረቱ ነው። ሁለቱን ማምታታት በሁለቱም በኩል ይጎዳል። ጉሮሮውን ብቻ ታሞ የዳነው ዕድሜውን ሙሉ «የልብ በሽተኛ ነህ» ሲባል ይኖራል፤ የልብ ሕመምተኛው ደግሞ «ቶንሲል ነበር» ተብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ሰው በቃሉ ከማስረዳት ይልቅ ወረቀቱን ራሱን ለሐኪሙ ያሳይ።

ከዚህ ተነስቶ «ለደረት የተሰጠው በስህተት ነው» ማለት ግን አያስኬድም። ዊልያም ሄበርደን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1768 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለሐኪሞች ኮሌጅ ባቀረበውና በ1772 በታተመው ጽሑፉ ስሙን የሰጠው አስቦበት ነው። የገለጸው ሲራመዱ፣ በተለይ ዳገት ሲወጡና ምግብ በልተው ብዙም ሳይቆዩ ሲሄዱ ደረታቸውን አንቆ የሚይዛቸውን፣ ቆም ሲሉ ወዲያው የሚለቃቸውን ሰዎች ነበር። ስሜቱ መታነቅ ስለሆነ የማነቅን ቃል ወሰደ፤ ቦታው ጉሮሮ ስላልሆነ «ፔክቶሪስ»፣ የደረት፣ የሚል ጨመረበት። ሙሉው ስም «አንጃይና ፔክቶሪስ» ነው፤ በቀጥታ የደረት መታነቅ ማለት ነው። ሄበርደን ያን ጊዜ መንስኤው የልብ ደም ቅዳ ቧንቧዎች መጥበብ መሆኑን አያውቅም። ቧንቧዎቹን ከሕመሙ ጋር ያገናኙት በፈንጣጣ ክትባት የሚታወቀው ኤድዋርድ ጄነርና በ1799 ጽሑፉን ያሳተመው ኬሌብ ፓሪ ናቸው። ስለዚህ ቃሉ ከመጀመሪያውም የስሜት ስም እንጂ የበሽታ ስም አልነበረም። ይህን ያዙልኝ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ነጥብ ላይ ያስፈልገናል።

ከጉሮሮ ወደ ደረት መሻገሩ የአውሮፓ ሐኪሞች ስህተት ቢሆን ኖሮ ዐረቦቹ ባልደገሙት። ሐረር ውስጥ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው በሽታውን «ዘብሓ ሰድሪያ» በሚለው ስሙ ያውቀዋል። «ሰድር» ደረት ነው። «ዘብሓ» ደግሞ ከማረድ የመጣ፣ በጥንቱ ዐረብኛ የጉሮሮ ሕመም የሚባልበት ቃል ነው፤ በግእዝም ዘብሐ አረደ፣ ሠዋ ነው። በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ሥር፣ መንገዱ ግን ያው፤ ከጉሮሮ ወደ ደረት። ያመጣው የታማሚዎቹ አነጋገር ነው፤ ሰዎቹ ደረታቸው እንደ ጉሮሮ ሲታነቅ ይሰማቸዋል።

ዋናው ጉዳያችን ያለው ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። «የደረት ውጋት» ትርጉሙ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ለመሆን የቀረበ ነው። ውጋት ከወጋ የመጣ ነው፤ እንደ መርፌ፣ እንደ ጦር ብልጭ የሚል፣ ጫፍ ያለው ሕመም። ሲተነፍሱ፣ ሲያስሉ፣ ጎን ሲቀይሩ የሚወጋ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሳንባ ሽፋን፣ የጎድን አጥንት መጋጠሚያ ወይም የጡንቻ ነው። ሐኪም እንዲህ ያለውን ሲሰማ የአንጃይና ግምቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ከፍ አያደርግም። ታማሚው አንጃይናን «ውጋት» ብሎ እንዲጠራ ማስተማር፣ ለሐኪሙ የተሳሳተውን አድራሻ እንዲሰጥ ማስተማር ነው።

በየጤና ተቋሙ ካርድ ከወጣ በኋላ የሚደረገውን ንግግር ቀረብ ብለን እንስማ።

«አባባ፣ ደረትዎን ይወጋዎታል?»

«የለም ሲስተር፣ አይወጋኝም።»

«ሲተነፍሱ፣ ሲያስሉ ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም።»

ካርዱ ላይ «የደረት ሕመም የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ አባባም የጨጓራውን መድኃኒት ኦሜፕራዞል ይዘው ይሄዳሉ። አልዋሹም፤ አልወጋቸውም። ያው ሰው ሌላ ጥያቄ ሲጠየቁ እንዲህ ይላሉ።

«አባባ፣ ዳገት ሲወጡ ደረትዎ ላይ የሚሰማዎት ነገር አለ?»

«አዎ! እንዲህ አድርጎ ይይዘኛል» ብለው ጣቶቻቸውን ጭብጥ አድርገው መሐል ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ። «ቆም ስል ይለቀኛል። እርጅና ነው ብዬ እኮ ነው የተውኩት።»

ያ ጭብጥ በሕክምና ስም ወጥቶለታል፤ የሌቪን ምልክት ይባላል፤ ሳሙኤል ሌቪን በተባለው አሜሪካዊ የልብ ሐኪም የተሰየመ ነው። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግን አንድ ሰው የሚያመውን በአንድ ጣት ጫፍ ነጥሎ ሲያሳይና በጭብጡ መሐል ደረቱን ሲሸፍን ልዩነቱን ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ጣት የሚነጠል፣ ሲጫኑት የሚብስ፣ ለሰከንዶች ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ወይም ቀኑን ሙሉ ሳይለቅ የሚውል ሕመም በአብዛኛው አንጃይና አይደለም።

አማርኛ ለትክክለኛው ስሜት ቃል አላጠረውም። ተጫነኝ፣ ከበደኝ፣ ጨመደደኝ፣ አፈነኝ፣ አነቀኝ፣ ጠፍንጎ ያዘኝ፤ ሁሉም ሄበርደን የሰማቸው ሰዎች ከተናገሩት ጋር የሚገጥሙ ናቸው። «አነቀ» ራሱ ከግእዙ ኀነቀ የወረደ፣ ከላቲኑ ጋር በትርጉም ልክ የሚገጥም ቃል ነው። ትልቁን ጥንቃቄ የሚሻው «ጨነቀኝ» ነው። እናቶች «ልቤን ጨነቀኝ» ሲሉ ሰሚው የሐሳብ ጭንቀት አድርጎ ይወስደውና «ምን ሆነሽ ነው፣ ቤት ሰላም አይደለም እንዴ?» ብሎ ይጀምራል። ቃሉ ግን መጥበብንም ይይዛል። «እማማ፣ ጭንቁ ሐሳብ ነው ወይስ ደረትዎ ላይ የሚሰማ ነገር?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች አንጃይናን እንደ ትንፋሽ ማጠር፣ እንደ ድንገተኛ ድካም ወይም እንደ ማቅለሽለሽ ብቻ ሊናገሩት ስለሚችሉ ይህ ጥያቄ ለእነሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሌላው ወጥመድ «ልቤን» የሚለው ነው። በአማርኛ «ልቤን አመመኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ከፍርምባው በታች፣ የጨጓራውን አካባቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ ጨጓራ ነው። ነገር ግን የልብ የታችኛው ግድግዳ ደም ሲያጣ ሕመሙ እዚያው ቦታ ላይ ይሰማል። ስለዚህ ቦታው ብቻ አይፈታውም፤ የሚፈታው ምን ያመጣዋል፣ ምን ይወስደዋል የሚለው ነው።

ሐኪሞች ለዚህ ሦስት ጥያቄ አላቸው። ከደረት አጥንት ጀርባ የሚጫን፣ ለደቂቃዎች የሚቆይ ስሜት ነው? በሥራ፣ በዳገት ወይም በብስጭት ይነሳል? በዕረፍት ወይም ከምላስ ሥር በሚቀመጠው ክኒን በ5 ደቂቃ ገደማ ይለቃል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ዋነኛው አንጃይና ነው። ስሜቱ ወደ ግራ ክንድ ብቻ ሳይሆን ወደ ሁለቱም ክንዶች፣ ወደ አንገት፣ ወደ ታችኛው መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ ሊሄድ ይችላል። ጥርሱን ያመመው መስሎት ጥርስ ሊያስነቅል የሚሄድ አለ፤ ሕመሙ በእርምጃ ተነስቶ በዕረፍት የሚጠፋ ከሆነ ግን ጥርስ እንዲህ አያደርግም።

ከጊድር መጋላ ዕቃ ገዝቶ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና በሚንጫጫበት በመኪና ግርግር በኩል ወደ ፈረስ መጋላ የሚወጣን ሰው አስቡ። ባዶ እጁን ሲወጣ ምንም አይለው፤ ዘንቢል ሲይዝ መሐል ላይ ይቆማል፤ ምሳ በልቶ ዘንቢል ሲይዝ ደግሞ ከመሐሉም ሳይደርስ ይቆማል። የሚቆምበት ቦታ ከሳምንት ሳምንት ያው ከሆነ የተረጋጋ አንጃይና ነው። ይህ ዝርዝር ለሐኪም ከማናቸውም «በጣም ያመኛል» ይበልጣል፤ በስንት እርምጃ፣ በየትኛው ዳገት፣ ምን ተሸክሞ፣ ስንት ደቂቃ። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ የሚያስተረጉም ሰውም «ሕመም አለሽ?» የሚለውን ብቻ ከማስተላለፍ «ሲወጡ ምን ይይዝሻል?» የሚለውን ቢያስተላልፍ ሐኪሙ የሚሠራበት ነገር ያገኛል።

ጸሐፊው «ባዕድ ቃል ለምን?» ማለቱ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚሻለው ግን ካርዱ ላይ «አንጃይና» እንዲቆይና ለታማሚው «ደረትን የሚጨመድድ፣ በሥራ የሚመጣ፣ በዕረፍት የሚለቅ» ተብሎ እንዲነገረው ነው። «ውጋት» ብሎ ለመጣ ሰውም ፊት አይነሳው፤ ሰው ቃሉን እንደ ልማዱ ይጠቀማል፣ ደግሞም በውጋት የሚጀምሩ ሌሎች አደገኛ ነገሮች አሉ። በሳንባ የተሰነቀረ የረጋ ደም፣ የሳንባ ምች፣ ሳንባን የሚጫን አየር ጊዜ የማይሰጡ ናቸው።

ሦስተኛው፣ «አንጃይናና ሃርት አታክ አንድ ናቸው» የሚለው፣ ሰውን በሁለት አቅጣጫ ያሳስታል። አንጃይና ማለት የልብ ጡንቻ የሚፈልገውን ያህል ደም ሳያገኝ ሲቀር የሚሰማ ስሜት ነው፤ ጡንቻው ተርቧል እንጂ አልሞተም። ሃርት አታክ ማለት ቧንቧው በረጋ ደም ተዘግቶ፣ አልፎ አልፎም በሌላ ምክንያት ደም ተቋርጦ፣ ጡንቻው መሞት ሲጀምር ነው። ቧንቧው በስፋቱ 70 በመቶ ገደማ ሲጠብ ለተቀመጠ ሰው የሚበቃው ደም ዳገት ለሚወጣ ሰው አይበቃም። ስለዚህ በሥራ ይመጣል፣ በዕረፍት ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ደቂቃ። ደም ማነስ የጠናበት ወይም ከልብ ደም የሚወጣበት በር የጠበበበት ሰው ቧንቧዎቹ ንጹሕ ሆነው አንጃይና ሊኖረው የሚችለውም ቃሉ የስሜት ስም ስለሆነ ነው።

አንድ ናቸው ብሎ ያመነ፣ አንጃይና ተብሎ ዓመት ከቆየ በኋላ ሃርት አታክ ሲመጣበት «ያው የለመድኩት ነው» ብሎ ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ የተረጋጋ አንጃይና አለብህ ሲባል የሞት ፍርድ የሰማ መስሎት ከአልጋ አይወርድም። ልዩነቱን የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው። በዕረፍት ላይ እያለ መጣ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ቆየ፤ ከዚህ በፊት ያልነበረ ሆኖ በጥቂት እርምጃ ይነሳል፤ ወይም የለመደው ዓይነት ሆኖ በዚህ ሳምንት በአጭር መንገድ፣ ቶሎ ቶሎና ጠንክሮ ይመጣል። ይህ ያልተረጋጋ አንጃይና ነው፤ ጡንቻው ገና ሞቶ ባይሆንም የሚታየው በድንገተኛ ክፍል ነው። ቀዝቃዛ ላብ፣ ማስመለስ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ከተጨመረ ደቂቃም አይጠበቅም።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው። ሰውየው ያለበት ይቀመጥ፤ ደረጃ አይውጣ፣ መኪና ወይም ሞተር ራሱ አይንዳ። አምቡላንስ ይጠራ፤ አምቡላንስ ካልተገኘ በተገኘው መኪና ሰው አብሮት ይሂድ። ለአስፒሪን አለርጂ ከሌለውና የሚደማ ነገር ከሌለበት 300 ሚሊግራም አስፒሪን ያኝክ፤ ቶሎ ወደ ደም የሚገባው በማኘክ ነው። ቤት ያለው ባለ 81 ወይም ባለ 100 ሚሊግራሙ ከሆነ ሦስት ይኘካል። ሕመሙ በድንገት እየሰነጠቀ ወደ ጀርባ የሚሄድ ከሆነ ግን ትልቁ ደም ቅዳ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል አስፒሪኑን ሐኪም ይወስን። የሚኬደው ኢሲጂ ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ነው። ዘመድ ያለበት ይሻላል ብሎ ከሐረር ድሬዳዋ ወይም ከድሬዳዋ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ መጀመር ጡንቻውን ያስከፍላል። ቅርቡ ያያል፣ ካስፈለገ እሱ ያስተላልፋል።

አራተኛው፣ የኢሲጂ ጉዳይ። የተለመደው ኢሲጂ ሰው ጋደም ብሎ የሚመዘገብ የ10 ሰከንድ ምስል ነው። የተረጋጋ አንጃይና ያለበት ሰው አልጋው ላይ ሲተኛ ልቡ አልተራበም፤ ስለዚህ የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። ከእነዚህ ሰዎች ግማሽ ያህሉ በዕረፍት የተነሱት ኢሲጂ ደህና ሆኖ ይገኛል። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ጣሪያውን አይቶ «አያፈስም» እንደ ማለት ነው። ማሳያው በሕመሙ ሰዓት የተነሳ ኢሲጂ፣ እየተራመዱ የሚነሳው የትሬድሚል ምርመራ ወይም የቧንቧዎቹ ምስል ነው። ሐኪም የሚመርጠው እንደ ሰውየው ዕድሜ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና የሕመሙ ታሪክ ነው። አሁን እያመመው ድንገተኛ ክፍል ለደረሰ ሰው ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ መነበብ አለበት። የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ ይደገማል፤ በደም ውስጥ ትሮፖኒን (የተጎዳ የልብ ጡንቻ የሚለቀው ፕሮቲን) ይለካል፣ እሱም ከሰዓታት በኋላ ይደገማል፤ ጡንቻው ተጎድቶ ትሮፖኒኑ ደም ውስጥ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳልና። አንድ ኢሲጂ አንስቶ ወደ ቤት የተላከና «ንጹሕ ነው» የተባለ ሰው ሕመሙ ከተመለሰ እሱም ይመለስ።

ቧንቧው በቋሚነት ሳይጠብ በድንገት ተኮማትሮ የሚያምም ዓይነትም አለ፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ማይረን ፕሪንዝሜታል ለይቶ ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። የሚመጣው በዕረፍት፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊትና ንጋት ላይ ነው፤ ሲለቅ ኢሲጂው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኢሲጂ አንስቶ «ብርድ መትቶህ ነው» ማለት ይቻላል፤ ትክክል ግን አይሆንም።

ወደ አምስተኛው እንለፍ፤ ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ክኒን፣ ናይትሮግሊሰሪን። «ካሻለው ልብ ነው፣ ካላሻለው አይደለም» የሚለው ድሮ ሐኪሞችም ያምኑት ነበር፤ ጸሐፊው ከአየር ላይ አላመጣውም። ግን መድኃኒቱ የቧንቧ ጡንቻን ሁሉ ያላላል፤ የምግብ ቧንቧ ተኮማትሮ ሲያምምም ያሽላል። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደረታቸውን ታመው ሆስፒታል የመጡ 459 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ክኒኑ ያሻላቸው የልብ ቧንቧ በሽታ ከተገኘባቸው 35 በመቶ፣ ካልተገኘባቸው ደግሞ 41 በመቶ ነበሩ። መለያ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ይልቁንም ሃርት አታክ ላይ ክኒኑ ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ «አላሻለኝም፣ ስለዚህ ልብ አይደለም» ያለ ሰው የሚቀመጠው በጣም ሊሮጥ በሚገባው ሰዓት ነው።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መቀመጥ፤ ግፊት ስለሚያወርድ ቆሞ የወሰደ ሊወድቅ ይችላል። አንድ ክኒን ከምላስ ሥር ማድረግ፤ አይዋጥም፣ ውሃ አይጠጣበትም። ራስ ምታትና ሙቀት ይሰማል፤ የሚጠበቅ ነው። ሰዓት እያዩ 5 ደቂቃ መጠበቅ። ሕመሙ ካለ ወይም ከባሰ መንገድ ይጀመራል፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ ይወሰዳል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከሦስት አይበልጥም። ቪያግራ የወሰደ ሰው ለ24 ሰዓት፣ የዚሁ ዓይነት መድኃኒት የሆነውን ታዳላፊል የወሰደ ለ48 ሰዓት ክኒኑን አይነካም፤ ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ሐኪሙ ሲጠይቅም ማፈር አያስፈልግም።

«ከኪስ አይጥፋ» የሚለው ምክር ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ብቻውን አደገኛ ነው። ናይትሮግሊሰሪን ይተናል፤ ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ይገድለዋል። የሚቀመጠው ከ25 ዲግሪ በታች፣ በራሱ ጥቁር የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጠብቆ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ተቆጥሮ በወረቀት ከረጢት የተሰጠ፣ ላስቲክ ውስጥ የተጠቀለለ፣ ወይም ላብ ባረጠበ የሸሚዝ ኪስ ቀፊራን ሲዞር የዋለ ክኒን መልኩ ሳይለወጥ ጉልበቱ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በጠርሙሱ ይጠየቅ፤ ውስጡ ጥጥ አይጨመርበት፤ ሌላ ክኒን አይቀላቀልበት። የተከፈተበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ፤ መመሪያው ከተከፈተ በ8 ሳምንት ይጣል የሚል ከሆነ ይጣል። መያዝ ካለበት ከጠርሙሱ ጋር በቦርሳ ይያዝ፤ መኪና ውስጥ አይተው።

ስድስተኛው ነጥብ በዚህ አካባቢ የተለየ ክብደት አለው። በርጫ (የጫት መቃሚያ ሰዓት) ላይ የልብ መምታት፣ መቅበጥበጥና የደረት መጨነቅ እንደሚመጣ፣ አብዛኛውም ሃርት አታክ እንዳልሆነ ጸሐፊው ልክ ነው። ግን ምርቃናን የሚያመጣው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ልብ ለራሱ ደም የሚያገኘው በአብዛኛው በሁለት ምቶች መካከል፣ ሲያርፍ ነው፤ ምቱ ሲፈጥን ያቺ የዕረፍት ጊዜ ታጥራለች። ፍላጎቱ ጨመረ፣ አቅርቦቱ ቀነሰ። ካቲኖን ቧንቧውን ራሱን ሊያኮማትርም ይችላል፤ ሲጋራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በብዙ አገር ሃርት አታክ የሚበዛው ማለዳ ሲሆን፣ በየመን በጫት ቃሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ወደ ከሰዓትና ወደ ምሽት ሲዞር አይተዋል፤ ልክ የመቃሚያው ሰዓት።

ስለዚህ በርጫ ላይ ደረቱን የጨመደደው ሰው አፉ ውስጥ ያለውን ይትፋ፤ ሲጋራውን ያቁም፤ ቀና ብሎ ይቀመጥ። መጨምደዱ በጥቂት ደቂቃ ካልለቀቀ፣ ወይም ላብ፣ ክንድ መደንዘዝ፣ ማስመለስ ካለው ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ወተት ቧንቧ አይከፍትም። ጨብሲ (ምርቃናን ለመስበር የሚጠጣ አልኮል) አይጠጣ። ብቻውን ክፍል ዘግቶ አይተኛ፤ ከባድ ሕመም ሌሊት ሲመጣ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ልቤን ረጋ ያደርግልኛል ብሎ ጎረቤት ያለውን ፕሮፕራኖሎል አይውሰድ፤ ቧንቧው ተኮማትሮ ከሆነ ሊያብሰው ይችላል። ሐኪሙ ጋ ሲደርስም ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቃመና ምን ያህል እንደሆነ ይንገር፤ የሚሰጠው መድኃኒት በዚህ ይለወጣል።

ጽሑፉን መልሶ ለሚያስተካክለው ጸሐፊ ሦስት መስመር ብቻ ቢቀየር እንለምናለን። «ኢሲጂ ደህና ከሆነ አንጃይና የለም» የሚለው «ኢሲጂ ደህና ቢሆንም ሲወጡ የሚይዝ፣ ሲቆሙ የሚለቅ ከሆነ ለሐኪም ይነገር» ይባል። «ክኒኑ ካላሻለ ልብ አይደለም» የሚለው «በ5 ደቂቃ ካላሻለ መንገድ ጀምሩ» ይባል። «ወተት ጠጥቶ መተኛት» የሚለው ይሰረዝ። ለእናትና ለአባት የተላከውም ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር እንደገና ይላክ።